ጌጠኛው ወረቀት ከፎቶግራፉ በኋላ ይመረጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በቅርቡ በእጅ ሥራ ዓምዳችሁ ስለ ስክራፕቡክ፣ ማለትም ፎቶግራፍን ከጽሑፍና ከጌጠኛ ወረቀት ጋር አዋሕዶ ስለሚያቀርበው የትዝታ አልበም ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ፎቶግራፍ ሁሉ በስልክ ውስጥ ተከማችቶ በሚረሳበት በአሁኑ ጊዜ፣ ሥዕሉ ታትሞ፣ ቀኑና የሰዎቹ ስም ተጽፎበት፣ በሚገለጥ ገጽ ላይ እንዲቀመጥ የሚያበረታታ ጽሑፍ ማስነበባችሁ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊዋ ለጀማሪዎች በሰጡት የመጀመሪያ ምክር አልስማማም። በቀለምና በንድፍ የተዛመዱ ወረቀቶችን አስቀድሞ በጥቅል መግዛት፣ ከዚያም ለወረቀቶቹ የሚስማሙ ፎቶግራፎችን መርጦ መለጠፍ እንደሚቀል ጽፈዋል። እኔ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ፤ ምክንያቴንም፣ ጽሑፉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ካለፈው የወረቀት ጥራት ጉዳይ ጋር፣ ለአንባቢያን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በጥቅል የሚሸጡ ወረቀቶች እርስ በርስ እንዲስማሙ ሆነው የተነደፉ ናቸው፤ ብዙዎቹም በእርግጥ ያምራሉ። ንድፉን ያወጣው ባለሙያ ግን የገዢውን ፎቶግራፍ አላየውም። ስለዚህ ወረቀቶቹ ገና ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጉ ገጹ ያለቀለት ይመስላል፤ ፎቶግራፉም ሰው ሁሉ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ እንደደረሰ እንግዳ መቀመጫ ያጣል። ሥዕሉ ከወረቀቱ ጋር አልሄድ ሲል ዳር ዳሩ ይቆረጣል፣ ወይም ቀለሙ አይስማማም ተብሎ ጭራሹኑ ይተዋል። ከተተዉት መካከል የአንዲት አክስት ብቸኛ ፎቶግራፍ ሊኖር ይችላል። ከተቆረጠው ዳር ጋርም የቤቱ በር፣ የመንገዱ ምልክት፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ አብረው ይወድቃሉ፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ሥዕሉ የትና መቼ እንደተነሣ የሚናገሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ናቸው።

ከፎቶግራፉ መነሣት ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ላስረዳ። በሣር ሜዳ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን የሚያሳዩ ሦስት ሥዕሎች አሉ እንበል። የብዙ ሰው እጅ በቅድሚያ የሚሄደው ወደ አረንጓዴ ወረቀት ነው፤ ምክንያቱም በሥዕሎቹ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘው ሣሩ ነው። አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ ሲያርፍ ግን የሥዕሉ ጠርዝ ይጠፋል፤ ሣሩም ከደማቁ ወረቀት አጠገብ የደበዘዘ መስሎ ይታያል። የሚሻለው በሥዕሉ ውስጥ ትንሽ ቦታ ብቻ የያዘውን፣ ነገር ግን ዓይን ደጋግሞ የሚመለስበትን ቀለም መፈለግ ነው፤ ይህም የአንዱ ልጅ ቀይ ካልሲ ወይም በኳሱ ላይ ያለው ቢጫ መስመር ሊሆን ይችላል። ለሰፊው መደብ ለስለስ ያለ ግራጫ ወይም የክሬም ቀለም ሰጥቶ፣ ያንን ቀይ ወይም ቢጫ በቀጫጭን ቁራጮች ሁለት ሦስት ቦታ ጣል ማድረግ ሥዕሎቹን አንድ ላይ ያስተሳስራቸዋል።

ቀለሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን መልክ እንደሚለውጥ ከታወቀ ቆይቷል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኤዥን ሼቭረል፣ ፓሪስ በሚገኘው የጎብላን የስጋጃ ሽመና ማምረቻ የማቅለሚያ ክፍል ኃላፊ ሳለ፣ ጥቁሩ ክር ጥቁረት ይጎድለዋል የሚል ቅሬታ ይቀርብለት ነበር። ነገሩን ሲመረምር ጉድለቱ ከማቅለሚያው እንዳልመጣ፣ ይልቁንም ጥቁሩን ያደበዘዙት አጠገቡ የተሸመኑት ሰማያዊና ወይን ጠጅ ክሮች እንደሆኑ ደረሰበት፤ የጥናቱንም ውጤት እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመ። በአልበም ገጽ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው። ጠንካራ አረንጓዴ የከበበው ፊት ወደ ቀይ ያደላል፤ ጠንካራ ቀይ የከበበው ፊት ደግሞ ደም የጎደለው ይመስላል። በሥዕሉና በደማቁ ወረቀት መካከል ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ነጭ፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ክፈፍ ማስገባት ይህን ችግር በአብዛኛው ያቃልለዋል። ለቆዩ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች ግን ፍጹም ነጭ ክፈፍ አልመክርም፤ ብዙዎቹ በዕድሜያቸው ብዛት ወደ ቡናማ ስላደሉ ከጥሩ ነጭ አጠገብ የቆሸሹ ይመስላሉ፣ የክሬም ቀለም ግን ይመቻቸዋል። ወረቀቱን ከሥዕሉ ጋር ማስተያየት የሚገባው በመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ነው፤ በአምፖል ብርሃን አንድ ዓይነት የመሰሉ ሁለት ሰማያዊ ወረቀቶች በማግሥቱ ጠዋት ሁለት የማይተዋወቁ ቀለሞች ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ።

ወደ ንድፉ ስንመጣ፣ ጽሑፋችሁ ትልልቅ አበባ ያላቸውን ወረቀቶች ለመደብ ማመስገኑ አልተዋጠልኝም። ጉዳዩን በስሌት ማየት ይቻላል። የተለመደው የስክራፕቡክ ገጽ በየጎኑ 12 ኢንች፣ ማለትም 30.5 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ 144 ካሬ ኢንች ይሆናል። የተለመደው የፎቶግራፍ ኅትመት ደግሞ 4 በ6 ኢንች ስለሆነ 24 ካሬ ኢንች ይይዛል። ሦስት ሥዕሎች የተለጠፉበት ገጽ ግማሹ ተሸፈነ ማለት ነው፤ ርእሱና ጽሑፉ ሲጨመሩም ለወረቀቱ የሚቀረው ከግማሽ ያነሰ፣ ያውም የተቆራረጠ ቦታ ነው። በመደርደሪያ ላይ ሙሉ ሆኖ ያማረው አበባ በዚህ ገጽ ላይ እዚህ ግማሽ ቅጠል፣ እዚያ የተቆረጠ ግንድ ሆኖ ይቀራል። ትልቅ ንድፍ የሚያምረው ሳይሸፈን በሚታይበት ቦታ ነው፤ ለምሳሌ በገጹ አንድ ዳር ከላይ እስከ ታች በሚወርድ ሰፊ ቁራጭ፣ ወይም ሥዕል በሌለበት የፊት ገጽ ላይ። ለመደብ ግን ያለ ንድፍ የሆነ፣ ወይም ከክንድ ርቀት ሲታይ አንድ ቀለም የሚመስል ደቃቅ ንድፍ ያለው ወረቀት ይሻላል።

ሁለት ሦስት ዓይነት ንድፍ በአንድ ገጽ ማዋል አይከለከልም፤ ነገር ግን መጠናቸው መለያየት አለበት። አንዱ ጎላ ያለ፣ ሁለተኛው መካከለኛ፣ ሦስተኛው እንደ ጠቃጠቆ ወይም እንደ ቀጭን መስመር ያለ ደቃቅ ቢሆን፣ በመካከላቸውም ንድፍ የሌለው ወረቀት ቢገባ፣ ዓይን ማረፊያ ያገኛል። አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው ሁለት ንድፎች ግን ቀለማቸው የቱንም ያህል ቢዛመድ ይጣላሉ። በየጎናቸው 6 ኢንች የሆኑ ትንንሽ ጥራዞች ብዙ ጊዜ የትልልቆቹን ንድፍ በአነስተኛ መጠን ስለሚይዙ ለዚህ ዓላማ ጠቃሚ ናቸው። ገጹን ከማጣበቅ በፊት ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ዓይንን ጨፈን አድርጎ መመልከት ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ከሰዎቹ ፊት በፊት ንድፉ ከታየ ወረቀቱ ከበዛ ቦታ ላይ መነሣት አለበት። ብዙ ሰው የተሰበሰበበት ሥዕል ጸጥ ያለ ወረቀት ይፈልጋል፤ አንድ ሰው ብቻ በባዶ ግድግዳ ፊት የተነሣበት ግን ደማቅ ንድፍም ይችላል። ባለ መስመር ወረቀት የሚመርጥ ሰው ደግሞ ማስመሪያና ስለት ያለው መቁረጫ ያዘጋጅ፤ መስመሩ ከገጹ ጠርዝ ጋር በጥቂት ሚሊሜትር ቢዛነፍ ወዲያው ያስታውቃል፣ በመቀስ የተቆረጠም እምብዛም አይቀናም።

ስለ አንድ ዓይነት ወረቀት ግን ምንም ዓይነት ለዘብተኛ አስተያየት የለኝም፤ እርሱም «መልካም ቀን»፣ «የደስታ ጊዜ» እና የመሳሰሉት ቃላት ታትመውበት የሚሸጠው ነው። ቃላቱ የማንንም ቀን ሊገልጹ ስለሚችሉ የማንንም ቀን አይገልጹም፤ ሠሪው በራሱ እጅ ጽሑፍ ሊጽፍበት ይገባው የነበረውን ቦታም ይይዛሉ። ፊኛና ሻማ የታተመባቸው የልደት ወረቀቶችም ሥዕሉ ውስጥ ያለውን ፊኛና ሻማ ከመድገም የዘለለ አገልግሎት አይሰጡም።

አሁን ጽሑፋችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ወዳለፈው ጉዳይ ልግባ። ጸሐፊዋ ዓይን የሚስብ ወረቀት ሁሉ፣ የስጦታ መጠቅለያም ሆነ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ሊያገለግል እንደሚችል ገልጸዋል። ጋዜጣ የሚታተምበት ወረቀት የሚሠራው በአብዛኛው እንጨትን በመፍጨት ከሚገኝ ሙጭሙጭ ስለሆነ፣ ሊግኒን የተባለው የእንጨት ንጥረ ነገር ሳይወጣ ይቀርበታል። ሊግኒን ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይወይባል፤ ሲበሰብስም አሲድ ያመነጫል። አሲዱ ደግሞ የወረቀቱን ቃጫ አዳክሞ ተሰባሪ ከማድረጉም በላይ በተነካካው ነገር ላይ ይጋባል። በአሮጌ መጽሐፍ ውስጥ የጋዜጣ ቁራጭ ረስቶ ያቆየ ሰው በሁለቱ ትይዩ ገጾች ላይ የቁራጩን ቅርጽ የያዘ ቡናማ ጥላ ማየቱ አይቀርም። የአሲዱ ምንጭ ሊግኒን ብቻም አይደለም፤ ጀርመናዊው ሞሪትዝ ኢሊግ እ.ኤ.አ. በ1807 ይፋ ባደረገው ዘዴ መሠረት ወረቀት ቀለም እንዳይመጥ በዛፍ ሙጫና አሉም በተባለ ጨው ሲታከም የኖረ በመሆኑ፣ በአሥራ ዘጠነኛውና በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ወረቀት ብዙው ከመነሻው አሲዳማ ነበር።

ስለዚህ በማሸጊያው ላይ መፈለግ ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ከአሲድ ነጻ መሆኑና ከሊግኒን ነጻ መሆኑ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ አይበቃም፤ ምክንያቱም ሊግኒን ያለበት ወረቀት አሲድን የሚያመክን ካልሲየም ካርቦኔት ተጨምሮበት ዛሬ ከአሲድ ነጻ ሊባል ቢችልም፣ ያ መከላከያ ሲያልቅ አሲድ ማመንጨቱ ይቀጥላል። ለረጅም ዕድሜ የሚሠራ ወረቀት ምን ማሟላት እንዳለበት የሚደነግገውና እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው አይኤስኦ 9706 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ የወረቀቱ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ7.5 እስከ 10 እንዲሆንና ከ2 በመቶ ካልሲየም ካርቦኔት ጋር የሚመጣጠን የአሲድ መከላከያ እንዲኖረው ይጠይቃል። ከፎቶግራፍ ጋር ለሚነካካ ወረቀት ደግሞ ከዚህ የተለየ ፈተና አለ። በአይኤስኦ 18916 መሠረት ወረቀቱ ከመፈተኛ የፎቶግራፍ ፊልም ጋር ተደርቦ፣ በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና በ86 በመቶ እርጥበት ለ15 ቀናት ይቆያል፤ ፊልሙ ላይ መደብዘዝ ወይም መበከል ከታየ ወረቀቱ ወደቀ ማለት ነው። ይህን ፈተና ያለፈ ወረቀት አምራቹ ስለሚኮራበት ብዙ ጊዜ በማሸጊያው ላይ ይጽፈዋል። በአንጻሩ «ለዘመናት የሚቆይ» የሚለው አነጋገር ምንም የሚለካ ነገር ስለማይናገር ማንም ሊጽፈው ይችላል።

ምልክት የሌለውን ወረቀት በቤት ውስጥ መፈተሽም አይከብድም። የአሲድ መለያ እስክሪብቶ የሚባለው ብዙ ጊዜ ክሎሮፌኖል ሬድ የተባለ ውሕድ የያዘ ነው፤ በወረቀቱ ጥግ ላይ ትንሽ ሲሰመርበት ወደ ወይን ጠጅ ከተለወጠ ወረቀቱ ደኅና ነው፣ ቢጫ ከሆነ አሲዳማ ነው። ምልክቱ ስለማይለቅ መፈተን ያለበት በሚቆረጥ ጠርዝ ላይ ሲሆን፣ በጥቁርና በደማቅ ወረቀት ላይ ደግሞ ቀለሙ አይለይም። ደማቅ ቀይና ጥልቅ ሰማያዊ ወረቀቶች ሌላም ጣጣ አላቸው፤ እርጥበት ሲነካቸው ቀለማቸውን የሚለቁ አሉ። ጥጋቸው ላይ ጠብታ ውኃ አድርጎ ነጭ ሶፍት መጫን ነው፤ ሶፍቱ ቀለም ከያዘ ያ ወረቀት ከሥዕል ጋር መነካካት የለበትም።

የወረቀቱ ውፍረትም ከውበቱ እኩል ሊታሰብበት ይገባል። ለቢሮ ማተሚያ የምንጠቀምበት ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም ይመዝናል። ንድፍ የታተመበት ጌጠኛ ወረቀት ብዙ ጊዜ ከዚህ ትንሽ ብቻ የወፈረ ስለሆነ ብቻውን የፎቶግራፎችን ክብደት አይሸከምም፤ ከሥሩ 200 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ካርድ ወረቀት ያስፈልገዋል። ከሥዕል ሥር የሚደበቀውን የጌጠኛውን ወረቀት መሐል ቆርጦ ማውጣትና ለሌላ ገጽ ማዋል ይቻላል፤ ለማጣበቂያ የሚሆን አንድ ሴንቲሜትር ያህል ዙሪያውን ከተተወ ማንም አያውቅም፣ ገጹም ይቀላል። ይህን ለቁጠባ ብቻ አልልም፤ ሦስትና አራት ድርብ ወረቀት ያለበት ገጽ ሲበዛ አልበሙ አልዘጋ ይላል።

ወረቀት ቃጫው የተኛበት አቅጣጫ አለው። በአንድ በኩል አጠፍ ሲያደርጉት በቀላሉ ይተጣጠፋል፣ በሌላው በኩል ግን ይታገላል፤ በቀላሉ የታጠፈበት መስመር የቃጫው አቅጣጫ ነው። እርጥብ ኮላ ሲነካው ወረቀት ይበልጥ የሚሰፋው ቃጫውን አቋርጦ ስለሆነ፣ ሁለት ተደራራቢ ወረቀቶች ቃጫቸው የተሰቃቀለ እንደሆነ ሲደርቁ ገጹ ይቆለመማል። ለዚህ ነው ለሰፋፊ ወረቀት ከእርጥብ ኮላ ይልቅ ከአሲድ ነጻ የሆነ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር የሚመረጠው። ምትክ የሌለው የቆየ ፎቶግራፍ ግን በምንም ዓይነት ማጣበቂያ መለጠፍ የለበትም፤ ወይ ቅጂው ይታተም፣ ወይም ዋናው አራት ማዕዘኑን ብቻ በሚይዙ የወረቀት ማዕዘኖች ይቀመጥ፤ ሲያስፈልግ ሳይጎዳ ይወጣል።

ልዩ ልዩ ወረቀቶች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። አሳላፊው ወረቀት በሥዕልና በንድፍ ላይ ሲደረብ ደማቁን ያለዝባል፤ ነገር ግን ከጀርባው የተቀባው ኮላ ሁሉ ስለሚታይ፣ ማጣበቂያው ሥዕል ወይም ሌላ ቁራጭ በሚሸፍነው ቦታ ብቻ መደረግ አለበት። ኮዞ ከተባለው ተክል ረጅም ቃጫ የሚሠራው የጃፓን ዋሺ ወረቀት በመቀስ ሲቆረጥ ውበቱ ይቀንሳል፤ በእርጥብ ብሩሽ መስመር ተሰምሮበት ቀስ ተብሎ ሲሳብ ግን ጠርዙ ላይ ቃጫው ተበትኖ ይቀራል፣ ያም ለስላሳ ሥዕል በሚያርፍበት ገጽ ላይ ከማንኛውም ክፈፍ ይበልጣል። በእጅ የሚሠራው ኤብሩ የተባለው የቱርክ ጌጠኛ ወረቀት ቀለሙ የሚነሣው በውኃ ላይ ከተንሳፈፈ ንድፍ ስለሆነ ሁለት አንድ ዓይነት ሉሕ አይገኝም፤ ለትይዩ ገጾች የሚሆነውን ከአንዱ ሉሕ ማብቃቃት ግድ ነው። ብልጭልጭና ጎርበጥባጣ ወረቀቶች ደግሞ አልበሙ ሲዘጋ በትይዩው ገጽ ላይ ያለውን ሥዕል ይፍቃሉ። መሸፈኛ ላስቲክ ካለ ይህ ይቀራል፤ ላስቲኩ ግን የፖሊስተር ወይም የፖሊፕሮፒሊን እንጂ ፎቶግራፍ የሚጎዳ ጋዝ የሚያመነጨው ፒቪሲ መሆን የለበትም።

ጋዜጣችሁን እየቆረጡ በአልበማቸው ውስጥ የሚያኖሩ አንባቢያን እንደሚኖሩ አልጠራጠርም፤ የምርቃት ዜና፣ የሐዘን ማስታወቂያ፣ የውድድር ውጤት ሁሉ ሊቀመጥ የሚገባው ነው። ቁራጩ ራሱ ከፎቶግራፍ አጠገብ እንዳይለጠፍ፣ ይልቁንም ከአሲድና ከሊግኒን ነጻ በሆነ ወረቀት ላይ በፎቶ ኮፒ ወይም በስካነር ተገልብጦ፣ የጋዜጣው ቀንና የገጹ ቁጥር በጎኑ ተጽፎበት እንዲቀመጥ በቀጣዩ የእጅ ሥራ ዓምዳችሁ ብታሳስቡ መልካም ነው። በምሳሌነት የምታወጧቸው ገጾች ሥር ደግሞ የወረቀቱ ክብደትና ከአሲድና ከሊግኒን ነጻ መሆን አለመሆኑ ከንድፉ ስም ጋር አብሮ እንዲታተም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የዓምዱ ተከታታይ